በጆሮ ቦይ የሚገቡ ማዳመጫዎችን የድምፅ ጥራት ማወዳደር፦ የመሣሪያውን ልዩነት ከአገጣጠሙ ልዩነት መለየት

1. መነሻ

አንድ የሥነ ልሳን ተመራማሪ የአማርኛ ቃላትን ቀርጾ ለሁለት የአድማጭ ቡድኖች ለማሰማት ተነሣ እንበል። ዓላማው አድማጮቹ «መጣ»ን ከ«መታ»፣ «ሰማ»ን ከ«ሸማ» ምን ያህል አጥርተው እንደሚለዩ ማወቅ ነው። ለመጀመሪያው ቡድን ከገዛቸው ማዳመጫዎች ከፊሎቹ ስለ ተበላሹበት ለሁለተኛው ቡድን ሌላ ዓይነት ገዛ። ውጤቱ ሲሰላ ሁለተኛው ቡድን «ሰ»ን ከ«ሸ» በመለየት ረገድ ደክሞ ተገኘ። ልዩነቱ የአድማጮቹ ነው ወይስ የማዳመጫዎቹ? ተመራማሪው ሁለቱን ማዳመጫዎች አስቀድሞ በአግባቡ ካላወዳደረ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አይኖርም፤ የሰበሰበው መረጃ ብዛትም አያድነውም።

በተለምዶ ኢርፎን የሚባለው፣ በጆሮ ቦይ ውስጥ የሚገባው ማዳመጫ ዋጋው ስለሚቀንስና ለመስክ ሥራ ስለሚመች በቋንቋ፣ በሥነ ልቡና፣ በመስማት ጤናና በሙዚቃ ጥናት ውስጥ የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ጥራቱ የሚመዘነው ብዙውን ጊዜ አንዱን አውልቆ ሌላውን በመሰካትና «ይህኛው ይሻላል» በማለት ነው። በዚህ ዓይነት ንጽጽር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚለዋወጡት ነገሮች አራት ናቸው፦ መሣሪያው ራሱ፣ በጆሮ ውስጥ ያለው አገጣጠም፣ የድምፁ መጠንና የአድማጩ ቅድመ ግምት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አራቱ እንዴት እንደሚቀላቀሉ ማብራራትና በውስን መሣሪያም ቢሆን እንዴት ሊለያዩ እንደሚችሉ ማሳየት ነው።

2. የጆሮ ቦይ አኩስቲካዊ ጠባይ

የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በአንድ ጫፉ ወደ ውጭ ክፍት ሲሆን በሌላው ጫፉ በታምቡር ይዘጋል። እንዲህ ያለ ቱቦ የሞገድ ርዝመቱ የቱቦውን ርዝመት አራት እጥፍ የሚያህለውን ድምፅ አጉልቶ ያስተጋባል። የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ብንወስድ፣ ለ0.1 ሜትር ሲካፈል 3,400 ኸርዝ ይገኛል። የውጭው ጆሮ ጎድጓዳ ክፍል ቦዩን በተግባር ስለሚያስረዝመው ግን የማስተጋቢያው ድግግሞሽ ዝቅ ብሎ 2,700 ኸርዝ አካባቢ ያርፋል። በዚህ አካባቢ ያለ ድምፅ ታምቡር ላይ የሚደርሰው ከ10 ዴሲቤል በላይ ጎልቶ ነው። መስማት ከጀመርንበት ጊዜ አንሥቶ የምንሰማው በዚህ መልክ በመሆኑ እንደ ጭማሪ አይታወቀንም፤ «ተፈጥሯዊ» የምንለውም ይህንኑ ጭማሪ የያዘውን ድምፅ ነው።

ማዳመጫ ቦዩን ሲወትፈው ይህ ሁኔታ ይለወጣል። አሁን ቱቦው በሁለቱም ጫፍ የተዘጋ ስለሆነ የሚያስተጋባው የሞገድ ርዝመቱ የቱቦውን ርዝመት ሁለት እጥፍ የሚያህለውን ድምፅ ነው። በማዳመጫው ጫፍና በታምቡሩ መካከል የቀረው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የማስተጋቢያው ድግግሞሽ 8,500 ኸርዝ፣ ማዳመጫው ጠልቆ ገብቶ የቀረው ርቀት 1.3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 13,000 ኸርዝ ገደማ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ በ2,700 ኸርዝ አካባቢ የነበረው የተፈጥሮ ጭማሪ ስለሚጠፋ ማዳመጫው ራሱ ሊተካው ይገባል። በመሆኑም ታምቡር ላይ ሲለካ የድግግሞሽ ምላሹ ቀጥ ያለ መስመር የሆነ ማዳመጫ ለአድማጭ ደብዛዛና የራቀ ድምፅ የሚያሰማ ነው። ሁለተኛ፣ የላይኛው ጉብታ የሚያርፍበት ቦታ ማዳመጫው በገባበት ጥልቀት ይወሰናል። አንድ ሰው ያንኑ ማዳመጫ ሁለት ጊዜ ቢሰካ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት የ«ሰ»ን ፉጨት ሊያሾለው ወይም ሊያለዝበው ይችላል።

3. ክፍተት፦ ዝቅተኛው ድምፅ ለምን ይጠፋል?

100 ኸርዝ ያለው ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጆሮ ቦይ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ዝቅተኛ ድምፅ በቦዩ ውስጥ እንደ ሞገድ አይጓዝም፤ የታሰረውን አየር በአንድነት ይጨምቀዋል፣ ይለቀዋል። ለዚህ ሥራ ቦዩ በሚገባ መወተፍ አለበት። በጎማው ቆብና በቦዩ ግድግዳ መካከል ቀጭን ክፍተት ካለ ጭምቁ አየር በዚያ ይሾልካል፤ ታምቡሩን የሚገፋው ግፊትም ይወድቃል። ድግግሞሹ ዝቅ ባለ መጠን አየሩ ለመሹለክ የሚያገኘው ጊዜ ስለሚረዝም ጉዳቱ ይብሳል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ድምፆች በዚህ እምብዛም አይነኩም።

በመሆኑም «ይህ ማዳመጫ ቤዝ የለውም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ስለ ቆቡ መጠን የተሰጠ ፍርድ ሆኖ ይገኛል። የሰዎች የጆሮ ቦይ በስፋትም በቅርጽም ይለያያል፤ የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ እኩል ላይሆን ይችላል። ለሁሉም ተሳታፊ አንድ መጠን ያለው ቆብ የሚሰጥ ጥናት ለከፊሎቹ ዝቅተኛውን ድምፅ ከልክሎ፣ ለከፊሎቹ ሰጥቶ የሚሠራ ጥናት ነው። ክፍተት መኖሩን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ፦ የ50 ኸርዝ ድምፅ እያሰሙ ማዳመጫውን በጣት በቀስታ ወደ ውስጥ መግፋት። ድምፁ በግፊቱ ከጎላ ቀድሞውኑ በሚገባ አልተወተፈም ማለት ነው።

4. ልኬትና ምርጫ

ቤተ ሙከራዎች የሰውን ጆሮ ልዩነት ለማስቀረት ሰው ሠራሽ ጆሮ ይጠቀማሉ። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው መስፈርት ቁጥር 711፣ በኋላም የተካው መስፈርት 60318-4፣ የተወተፈ ጆሮን አኩስቲካዊ ጠባይ የሚመስል የብረት መሣሪያን ይደነግጋል። ይህ መሣሪያ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የተገኙ ውጤቶችን ለማስተያየት ያስችላል። ሆኖም ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሚሰጠው ውጤት የሰውን ጆሮ ይወክላል ተብሎ አይወሰድም። ከዚህም በላይ መሣሪያው ምን ያህል ድምፅ ታምቡር እንደሚደርስ እንጂ የትኛው ድምፅ እንደሚመረጥ አይነግርም።

የምርጫውን ጥያቄ በሰፊው ከመረመሩት መካከል በሐርማን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ጥናት 30 በጆሮ የሚገቡ ማዳመጫዎችን በ71 አድማጮች አስመዝነዋል። ተሳታፊው ማዳመጫውን በእጁ ከያዘ መልኩንና ክብደቱን ስለሚያውቅ፣ ተመራማሪዎቹ የሁሉንም ማዳመጫዎች የድግግሞሽ ምላሽ በማጣሪያ አማካይነት በአንድ ማዳመጫ አስመስለው አሰምተዋል። በዚህ ዘዴ አድማጩ ጆሮው ውስጥ ያለውን ሳያወልቅ ድምፁ ብቻ ይለዋወጥለታል። ከውጤቱ የታየው፣ የአድማጮች ምርጫ በአብዛኛው ከድግግሞሽ ምላሹ ቅርጽ ሊተነበይ እንደሚችል ነው።

በዚያው ዓመት የሮን ብሬባርት ለአሜሪካ አኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ባቀረበው ጽሑፍ የ283 ማዳመጫዎችን የድግግሞሽ ምላሽ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያይቶ በሁለቱ መካከል ዝምድና አለማግኘቱን ገልጿል። ውስን በጀት ላለው ተመራማሪ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ዋጋ የጥራት ማስረጃ ሆኖ በዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ሊቀርብ አይችልምና።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። «አድማጮች የትኛውን ይወዳሉ?» የሚለው የምርጫ ጥያቄ ሲሆን «የትኛው የተቀረጸውን ሳያዛባ ያደርሳል?» የሚለው የታማኝነት ጥያቄ ነው። ለሙዚቃ ማዳመጫ የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያውን፣ ለሙከራ መሣሪያ የሚመርጥ ተመራማሪ ሁለተኛውን ያስቀድማል።

5. የድምፅ መጠንና ቅድመ ግምት

ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሮ ለሁሉም ድግግሞሽ እኩል ስሜት የለውም፤ ይህም ልዩነት ራሱ በድምፁ መጠን ይለዋወጣል። ድምፅ ዝቅ ሲል ዝቅተኛው ድግግሞሽ ከመካከለኛው ይበልጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ማዳመጫ ከሌላው በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ብሎ ከተሰማ ቤዙ የበዛ፣ ዝርዝሩም የጠራ መስሎ ይቀርባል። አድማጩ «ድምፁ ከፍ ብሏል» አይልም፤ «ጥራቱ ይበልጣል» ይላል። በአንድ ስልክና በአንድ የድምፅ ቁልፍ ደረጃ ሁለት ማዳመጫዎችን መሰካት መጠኑን እኩል አያደርገውም፤ የማዳመጫዎች ስሜታዊነት ከዓይነት ወደ ዓይነት ይለያያልና።

ቅድመ ግምትም ከዚህ ያላነሰ ኀይል አለው። ውድ መሆኑን የሚያውቅ፣ የታወቀ ምልክት ያየ ወይም ተመራማሪው የቱን እንደሚደግፍ ከገጽታው ያነበበ አድማጭ ፍርዱ ወደዚያ ያዘነብላል። ይህ የአድማጩ ቅን አለመሆን አይደለም፤ የማንኛውም ሰው ፍርድ ጠባይ ነው። መድኃኒቱም ምክር ሳይሆን የሙከራው አሠራር ነው።

6. የምንጩ መሣሪያ ድርሻ

ማዳመጫ ከሚሰካበት መሣሪያ ተነጥሎ አይሰማም። ባላንስድ አርማቸር በሚባለው አሠራር የተሠሩ ብዙ ማዳመጫዎች ኢምፒዳንሳቸው ከድግግሞሽ ጋር ይለዋወጣል። አንድ ማዳመጫ በ1 ኪሎ ኸርዝ 16 ኦም፣ በ10 ኪሎ ኸርዝ 80 ኦም አለው እንበል። የምንጩ መውጫ ኢምፒዳንስ 10 ኦም ከሆነ በቮልቴጅ ክፍፍል ሕግ መሠረት መካከለኛው ድምፅ 4.2 ዴሲቤል፣ ከፍተኛው ግን 1 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሳል። ማዳመጫው ሳይቀየር የ3.2 ዴሲቤል ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። የምንጩ ኢምፒዳንስ 1 ኦም ቢሆን ይኸው ልዩነት ወደ 0.4 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ የማዳመጫውን ስም ብቻ ጠቅሶ ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን ያልጠቀሰ የጥናት ዘገባ ያልተሟላ ነው።

በብሉቱዝ የሚሠሩ ማዳመጫዎች ተጨማሪ አደጋ አላቸው። የማዳመጫው ማይክሮፎን በሚከፈትበት ጊዜ ግንኙነቱ ብዙውን ጊዜ ለስልክ ንግግር ወደ ተዘጋጀው አሠራር ይቀየራል። በዚህ አሠራር ድምፁ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ይናሙናል፤ ስለዚህ ከ4 ወይም ከ8 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። የ«ሰ» ፉጨት ኀይሉ በአብዛኛው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ሲሆን የ«ሸ» ከዚያ ዝቅ ይላል። በዚህም ምክንያት ተሳታፊው መልሱን በዚያው ማዳመጫ ማይክሮፎን እንዲናገር የሚያደርግ ሙከራ፣ ሊለካው የተነሣውን ልዩነት በገዛ እጁ ሊያጠፋው ይችላል።

7. የማወዳደሪያ ድምፆች ምርጫ

ማወዳደሪያ ድምፅ የሚመረጠው በውበቱ ሳይሆን በሚያጋልጠው ጉድለት ነው። ለአማርኛ ንግግር ሦስት ዓይነት ጥንዶች ይጠቅማሉ። «ሰማ» እና «ሸማ» የከፍተኛ ድግግሞሽን ይዞታ ይፈትናሉ። «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት በፍንዳታው ጠባይና ከፍንዳታው እስከ አናባቢው ባለው አጭር ጊዜ ስለሆነ ፈጣን ለውጥን ይፈትናሉ። በመጥበቅና በመላላት የሚለዩት፣ ለምሳሌ ሁለቱ የ«ገና» ንባቦች፣ ዋና መለያቸው የተናባቢው የቆይታ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በድግግሞሽ ምላሽ መዛባት በቀላሉ አይጎዱም። ይህ የመጨረሻው ዓይነት እንደ መቆጣጠሪያ ያገለግላል። አድማጩ በ«ገና» ጥሩ ውጤት አምጥቶ በ«ሰማ» እና በ«ሸማ» ከወደቀ ተመራማሪው አስቀድሞ ሊጠረጥር የሚገባው ማዳመጫውን ነው።

በሙዚቃ በኩል በገና አንድ ጥንቃቄ ያስተምራል። በአውታሩና በማረፊያው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ለበገና ነዛሪ ድምፁን ይሰጠዋል፤ ይህም ከመሠረታዊው ድግግሞሽ በላይ ብዙ ተከታይ ድግግሞሾችን ያመነጫል። አእምሮ ከእነዚህ ተከታዮች ተነሥቶ የጠፋውን መሠረታዊ ድግግሞሽ ከፍታ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ዜማው ስለ ተሰማ ብቻ ማዳመጫው ዝቅተኛውን ድምፅ አድርሷል ማለት አይደለም። ክፍተትን ለማጋለጥ የከበሮ ምት ወይም ንጹሕ ዝቅተኛ ድምፅ ይሻላል።

8. በውስን መሣሪያ የሚከናወን አሠራር

ደረጃውን የጠበቀ ሰው ሠራሽ ጆሮ በሌለበት የሚከተለውን ቅደም ተከተል መጠቀም ይቻላል።

ሀ. የውስጥ ስፋቱ 7.5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ቱቦ ማዘጋጀት። ይዘቱ 1.1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በአንዱ ጫፍ ትንሽ የልብስ ማይክሮፎን አየር እንዳያሾልክ አድርጎ ማሸግ፣ በሌላው ማዳመጫውን መሰካት። ቱቦው ግድግዳው ጠንካራ በመሆኑና የታምቡርን ጠባይ ስለማይመስል ከጥቂት ኪሎ ኸርዝ በላይ ፍጹም ዋጋ አይሰጥም። ይሁንና የድምፅ መጠንን ለማስተካከልና የቀኝና የግራ ልዩነትን ለማየት በቂ ነው።

ለ. እያንዳንዱን ማዳመጫ አውልቆ መልሶ በመሰካት ቢያንስ አምስት ጊዜ መለካት። ይህ የአሠራሩ እምብርት ነው። አንድ ማዳመጫ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር በ100 ኸርዝ የ4 ዴሲቤል ልዩነት ካሳየ በሁለት ማዳመጫዎች መካከል በዚያ ድግግሞሽ የታየ የ3 ዴሲቤል ልዩነት ግኝት ሊባል አይችልም።

ሐ. ከ500 እስከ 2,000 ኸርዝ ባለው ክልል የተወሰነ ጫጫታ እያሰሙ የማዳመጫዎቹን መጠን በግማሽ ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ማቀራረብ፣ የተገኘውን የድምፅ ቁልፍ ደረጃም መዝግቦ መያዝ።

መ. ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ለሁለቱም ጆሮዎች የሚስማማውን ቆብ መምረጥ፣ በክፍል 3 የተገለጸውን መፈተኛ ማካሄድና ውጤቱን ከመልሶቹ ጋር መመዝገብ።

ሠ. የማሰሚያውን ቅደም ተከተል በዕጣ መወሰን፤ ማዳመጫውን የሚያቀብለው ሰው የጥናቱን መላ ምት የማያውቅ እንዲሆን ማድረግ፤ በተቻለ መጠንም የማዳመጫዎቹን ምልክት መሸፈን። የድምፅ ልዩነቱን ብቻ ለመፈተን ከተፈለገ በክፍል 4 የተጠቀሰውን የማጣሪያ ዘዴ መጠቀም።

ረ. ውጤቱን ከዕድል ጋር ማመዛዘን። በሁለት ድምፆች መካከል እንዲለይ የተጠየቀ አድማጭ ከ10 ሙከራ 7 ጊዜ ቢያገኝ አስደናቂ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በግምት ብቻ ሰባትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 17 በመቶ ነው። ከ16 ሙከራ 12 እና ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድል ግን ከ4 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ የሙከራው ብዛት አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ውጤቱ «እስኪያምር» መቀጠል አይገባም።

9. የአድማጭ ደኅንነት

አገጣጠም ከጥራት አልፎ የጤና ጉዳይም ነው። የማይወትፍ ማዳመጫ የውጭውን ጫጫታ ስለማይከለክል አድማጩ ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፁን ይጨምራል፤ ይህን በታክሲና በአውቶቡስ በየቀኑ እናየዋለን። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጋራ ያወጡት መስፈርት ለአዋቂዎች 80 ዴሲቤልን በሳምንት ለ40 ሰዓት እንደ ወሰን ይዟል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት ይሆናል። ተሳታፊዎችን የሚያስደምጥ ተመራማሪ የድምፁን መጠን ለክቶ ማወቅ ያለበት ለውጤቱ ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን ለተሳታፊዎቹ ጆሮ ኀላፊነት ስላለበት ጭምር ነው።

10. ማጠቃለያ

በጆሮ ቦይ የሚገባ ማዳመጫ ብቻውን የተወሰነ ድምፅ ያለው ዕቃ አይደለም፤ ድምፁ የሚወሰነው ከቦዩ፣ ከቆቡና ከምንጩ ጋር በአንድነት ነው። ስለዚህ ሁለት ማዳመጫዎችን ያወዳደረ ሰው መጀመሪያ ማሳየት ያለበት አንዱ ማዳመጫ ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚለያይ ነው። ከዚህ መጠን ያለፈው ልዩነት ብቻ የማዳመጫው ነው ሊባል ይችላል።

በመነሻችን ያነሣነው ተመራማሪ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ቢመድብ ኖሮ ሁለቱን ዓይነት ማዳመጫዎች በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ አደባልቆ ማደል እንዳለበት ይረዳ ነበር። ያን ጊዜ የማዳመጫው ልዩነት ከቡድኑ ልዩነት ተለይቶ ይሰላል፤ አንዱ የሌላውን ስም ይዞ አይወጣም። አሁን ግን ያለው አማራጭ ለሁለቱም ቡድኖች ሙከራውን መድገም ወይም በ«ሰ» እና በ«ሸ» ላይ ያገኘውን ውጤት መተው ነው።